በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ለመሥራት የተጠየቀ ፈቃድ፦ በአንድ ጥያቄ መልስ ላይ የተነሣ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ደርሶ መመለስ በሚቻልበት ርቀት ላይ ባለ አንድ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በፈረስ ተንከባካቢነት ለመቀጠር ፈቃድ የጠየቀች አንዲት ኢትዮጵያዊትን ይመለከታል። ፈቃዷ የታገደው በማመልከቻው ላይ በፖሊስ ስለ መያዝና ስለ መከሰስ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከአሻራዋ ውጤት ጋር ባለመስማማቱ ነው። ጉዳዩን በቅርብ የማውቀው አዲስ ለሚመጡ ወገኖች በሰነድና በማመልከቻ ሥራ በፈቃደኝነት ከሚያግዙት አንዱ ስለሆንኩ ነው። እንዲጻፍ እርሷ ራሷ ፈቅዳለች፤ ማንነቷን ለመጠበቅ ግን ስሟን፣ የሜዳውን ስምና ፈቃዱን የሰጠውን ግዛት አልጠቅስም። ከእንጅባራው በዓል በስተቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለው ችግር በፈረስ ሜዳ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማስፋት ባላስፈለገ ነበር። የአየር ማረፊያ ባጅ፣ የጥበቃ ሥራ ፈቃድ፣ የሕፃናት ወይም የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚጠይቁ ወገኖቻችን ሁሉ አሻራ ይሰጣሉ፣ ተመሳሳይ ጥያቄም ይመልሳሉ። የእሽቅድምድም ሜዳው ልዩነቱ ጥያቄውን በጣም አክብዶ የሚያይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም ነገሩን ከሌሎች ቦታዎች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

የአመልካቿ ሁኔታ

አመልካቿ ጉዳዩ ሲጀመር ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናት ነበር። ያደገችው በአዊ ዞን፣ ፈረስ ለእርሻም፣ ለጭነትም፣ ለሠርግና ለለቅሶም በሚያገለግልበት ገጠር ነው። አባቷ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል በመሆናቸው ፈረስ ማጠብ፣ መቀለብ፣ ኮርቻ መጫንና ልጓም ማግባት ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነገር ነው። በዲቪ ዕድል የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ አሜሪካ ከገባች በኋላ በአንድ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። ስለ ሜዳው ሥራ የነገረቻት አብራት የምታጸዳ ጓቲማላዊት ስትሆን፣ የዚህች ሴት ባል ከፈረስ ጋጣ የሚሠራ ነው።

በዚህ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የእሽቅድምድም ሜዳ ሩቅ ነገር አይደለም። በሜሪላንድ ከ1870 ጀምሮ የሚታወቀው የባልቲሞሩ ፒምሊኮና በ1911 የተከፈተው ሎረል ፓርክ፣ በዌስት ቨርጂኒያ በ1933 የተከፈተው ቻርልስ ታውን፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በ1997 የተከፈተው ኮሎኒያል ዳውንስ ይገኛሉ። ሎረል ፓርክ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ሆኖም በጋጣዎቹ ውስጥ የሚሠራው ሰው አብዛኛው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ የእኛ ሰው ስለ ሥራው ብዙም አያውቅም።

ቤተሰቧ ነገሩን በቀላሉ አልተቀበለውም። እዚህ አገር እንደ አባት የሚያዩአት አጎቷ ቁማር ባለበት ቦታ መዋሏም፣ እሑድን ከቅዳሴ መቅረቷም አሳስቧቸው ነበር። የመጀመሪያውን በተመለከተ በጋጣ የሚሠራ ሰው ከውርርዱ መስኮት ጋር የሚያገናኘው ሥራ የለም። ሁለተኛው ሥጋት ግን እውነተኛ ነው፤ ፈረስ በሰንበትም ይበላል፣ በሰንበትም ይጸዳለታል፣ ውድድሩም የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው። በመሆኑም በወር ስንት እሑድ እንደምታርፍ ከመቀጠሯ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር እንድትስማማ ተመከረች፤ ተስማማችም።

አጎቷ ሴት ልጅ በዚህ ሥራ ትችል እንደሆነም ጠይቀው ነበር። የአካባቢው ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። በኦሎምፒክ የፈረስ ዝላይ ለአሜሪካ የተወዳደረችው ኬቲ ኩስነር የጆኪነት፣ ማለትም በውድድር ፈረስ የመጋለብ ፈቃድ ስትጠይቅ የሜሪላንድ የእሽቅድምድም ኮሚሽን ከለከላት፤ እርሷም ፍርድ ቤት ሄዳ በ1968 አስፈርዳ ፈቃዱን አወጣች። እግሯ በመሰበሩ ወዲያው መጋለብ አልቻለችም፤ በፌብሩዋሪ 1969 ፍሎሪዳ በሚገኘው ሃያሊያ ሜዳ ቀድማት ከወንዶች ጋር የጋለበችው ዳያን ክራምፕ ናት። በዚያው ወር ሌላዋ ሴት ጆኪ ባርባራ ጆ ሩቢን እዚሁ ቻርልስ ታውን ላይ አሸነፈች። ዛሬ በጋጣ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው።

ፈቃዱ ምን እንደሆነ

በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ሥራን የሚፈቅደው እያንዳንዱ ግዛት በራሱ የእሽቅድምድም ኮሚሽን አማካይነት ነው። የፈረሱ ባለቤት፣ አሠልጣኙ፣ ጆኪው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ኮቴ ሠሪው፣ ተንከባካቢው፣ ከልምምድ የተመለሰውን ፈረስ እየመራ የሚያንሸራሽረው ሰው፣ ሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ጋጣዎቹ ወዳሉበት የተከለለ ግቢ ብቻውን አይገባም። የአንዱ ግዛት ፈቃድም በሌላው ግዛት አይሠራም፤ አሠልጣኙ ፈረሶቹን ወደ ጎረቤት ግዛት ሲወስድ ሠራተኛው እዚያም ማመልከት ሊኖርበት ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት የሆነው ውርርዱ ነው። ተወራራጁ ሕዝብ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ፈረሱን ማንም እንዳልነካበት አምኖ ነው፤ ፈረሱን ደግሞ ከማንም በላይ የሚነካው ተንከባካቢው ነው። ከውድድር በኋላ በተወሰደ ናሙና የተከለከለ ነገር ቢገኝ በመጀመሪያ የሚጠየቀው አሠልጣኙ ስለሆነ እያንዳንዱ አሠልጣኝ በጋጣው ስላለው ሰው ሁሉ ይጨነቃል። በ2020 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የተቋቋመው፣ ሂሳ በሚል አጭር ስም የሚጠራው ባለሥልጣን በሚሠራባቸው ግዛቶች ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሜዳዎችን ደኅንነት፣ ከሜይ 22 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ የመድኃኒት ቁጥጥሩን ይዟል። በእነዚያ ግዛቶች ከፈረሶቹ ጋር የሚሠራ ሰው ከግዛቱ ፈቃድ በተጨማሪ በዚህ ባለሥልጣን ዘንድ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ክፍያ የለውም።

አመልካቿ ባመለከተችበት ግዛት የተጠየቀው የተሞላና የተፈረመ ቅጽ፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ፣ የመሥራት መብትን የሚያሳይ ሰነድ፣ አሻራ፣ አነስተኛ ክፍያና የቀጣሪው አሠልጣኝ ፊርማ ነው። የመጨረሻው ጀማሪን ያስቸግራል፤ አሠልጣኝ ለማግኘት ግቢው መግባት፣ ግቢው ለመግባት ፈቃድ፣ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ አሠልጣኝ ያስፈልጋል። እርሷ ይህን ያለፈችው የጓደኛዋ ባል ስለ እርሷ ለአሠልጣኙ ነግሮ፣ አሠልጣኙ ራሳቸው ወደ በሩ ወጥተው በእንግድነት አስመዝግበው ስላስገቧት ነው። አሠልጣኙ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። አንድ ዳማ ፈረስ አምጥተው ገመዱን አስያዟትና ጥቂት ርምጃ እንድትመራው ጠየቋት፤ ወደ ፈረሱ ትከሻ ተጠግታ፣ ዓይኑን ሳታፈጥበት ስትሄድ አይተው በዚያው ቀን ፈረሙላት።

ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

ቅጹ ውስጥ አመልካቹ በፖሊስ ተይዞ፣ ተከሶ ወይም ተፈርዶበት እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ክሱ የተዘጋ ቢሆንም እንዲጻፍ በግልጽ ያዛል። አመልካቿ አሜሪካ በገባች በሁለተኛው ዓመት በአንድ ትልቅ መደብር ራሷ ስትከፍል ጥቂት ዕቃዎች በማሽኑ ሳይነበቡ በማለፋቸው ጥበቃዎች አስቁመዋት ፖሊስ ተጠርቶ ነበር። ጣቢያ ተወስዳ አሻራና ፎቶ ሰጥታለች። ፍርድ ቤት ቀርባ የተወሰነ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሠራች በኋላ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሣው። እርሷ ከዚህ ሁሉ የያዘችው “ተዘግቷል፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ” መባሏን ብቻ ነው።

ቅጹን የሞላላት እንግሊዝኛ በደንብ የሚችል የአክስቷ ልጅ ነው። ጥያቄውን አጠር አድርጎ “ወንጀል ሠርተሽ ታውቂያለሽ?” አላት፤ እርሷም “አላውቅም” አለች። እንደ ተጠየቀችው ከሆነ መልሷ እውነት ነው። በቅጹ ላይ ግን ስለ መያዝና ስለ መከሰስ የቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ “የለም” ተብለው ተሞሉ፤ ከሥር ደግሞ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዋ አረጋገጠች።

ኮሚሽኑ የአሻራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ በጊዜያዊነት እንድትሠራ ፈቀደላትና ፈረስ በማንሸራሸር ጀመረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ባጇን በሩ ላይ ስታስነካ አልከፈተላትም። ወደ ፈቃድ ቢሮው ስትሄድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ተሰጣት፤ የአሻራው ውጤት በማመልከቻዋ ያልተገለጸ መያዝ እንዳሳየ፣ በተጠቀሰው ቀን በሜዳው የውድድር ዳኞች ፊት ቀርባ እንድታስረዳ፣ እስከዚያው ግቢው ውስጥ እንዳትገባ ይላል።

ልብ ሊባል የሚገባው የመደብሩ ጉዳይ በራሱ ፈቃዱን ላያስከለክላት ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ቀላል፣ የቆየና የተነሣ ክስ ነበር። በጋጣዎቹ ውስጥ ከዚህ የከበደ ታሪክ ኖሯቸው፣ አስቀድመው ስለገለጹት ብቻ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች አሉ። እርሷን ለዳኞች ያቀረባት “የለም” የሚለው መልስ ነው።

የተሞከሩና ያልሠሩ መንገዶች

ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ቤተሰቡ በራሱ መንገድ ለመፍታት ሞክሯል። ሁሉም ለመርዳት ከመፈለግ የመጣ ነው፤ ከፊሉ ግን ነገሩን ሊያባብሰው ተቃርቦ ነበር።

በመጀመሪያ የታሰበው ይህን ማመልከቻ ትቶ በጎረቤት ግዛት አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ነው። የአክስቷ ልጅ ቅጹን ከኢንተርኔት አውርዶ ግማሹን ሞልቶት ነበር። ሳይላክ የቀረው አንዲት የቤተሰቡ ወዳጅ አይታ ስላስቆመችው ነው፤ ያም ቅጽ በሌላ ቦታ ፈቃድ ተከልክለው ወይም ታግደው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከዚህም ሌላ የግዛቶቹ ኮሚሽኖች በጋራ ማኅበራቸው በኩል ውሳኔዎቻቸውን ይለዋወጣሉ። አንዱን ያልተሟላ መልስ በሌላ ያልተሟላ መልስ መሸፈን ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሆን ነበር፤ ያኔም ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ መዝገቡን ማሰረዝ ነው። ክሱ የተነሣለት ሰው መዝገቡ እንዲሰረዝለት መጠየቅ በብዙ ግዛቶች ይቻላል፤ አስቀድሞ ቢደረግ መልካም ነው። ግን ወራት ይፈጃል፣ አስቀድሞ በፊርማ የተሰጠውን መልስም ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት አያደርገውም። የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፦ የኢሚግሬሽን ቅጾች የተሰረዘ መዝገብም ቢሆን እንዲገለጽ ስለሚጠይቁ፣ ወረቀቱ ሳይኖራት መዝገቡ ቢሰረዝ ኖሮ በኋላ ለማስረዳት የሚያስፈልጋትን ማስረጃ ራሷ ታጣው ነበር።

ደጋግሞ ስልክ መደወሉም ጥቅም አልሰጠም። የቢሮው ሠራተኞች በዳኞች ፊት ያለ ጉዳይ በስልክ አይወስኑም፤ ከተለያየ ዘመድ የተለያየ ማብራሪያ ሲሰሙ ደግሞ ይጠራጠራሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ የጻፉት የድጋፍ ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብለውታል፤ በእኔ ግምት ግን ሥራዋን ስለማይገልጽ በውሳኔው ላይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው።

የፍርድ ቤቱን ማስረጃ ማግኘት

እኛ ጉዳዩን ስንይዝ የመጀመሪያው ሥራ የክሱን የመጨረሻ ውሳኔ የሚያሳይ፣ በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ማውጣት ነበር። ይህ ቀላል መስሎ ብዙ ጊዜ የበላ ሥራ ሆነ፤ ምክንያቱም ስሟ ነው።

በፓስፖርቷ ላይ የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም በተርታ ሰፍሯል። የመኖሪያ ካርዷ የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ የአባቷን መካከል ላይ ይዟል። መንጃ ፈቃዷ የአባቷን ስም ጥሎታል። በመደብሩ የመጣው ፖሊስ ደግሞ የሰማውን በራሱ ፊደል አጣጣል ጽፎ፣ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በመኖሪያ ካርዱ ስም ፈልጎ “መዝገብ የለም” የሚል መልስ ሰጠን። ያንን ወረቀት ይዞ ዳኞቹ ፊት መቅረብ የሚያጓጓ ነበር፤ አሻራው ሌላ እየተናገረ “መዝገብ የለም” የሚል ወረቀት ማቅረብ ግን ተንኮል መምሰሉ አይቀርም። ስለዚህ መዝገቡ በስም መፈለጉ ቀርቶ በትውልድ ቀንና በተያዘችበት ዕለት እንዲታይልን ጠየቅን። የትውልድ ቀኗም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ቀን ተዛንፎ ስለነበር ሁለቱም ቀን ተሞክሮ መዝገቡ ተገኘ።

ግልባጩ በወጣ ጊዜ ከእርሱ ጋር አንድ ገጽ የስም ማብራሪያ አዘጋጀን። በስተግራ ሰነዱ፣ በስተቀኝ በዚያ ሰነድ ላይ ስሟ የተጻፈበት መንገድ በየረድፉ ሰፈረ፤ ከሥሩም ኢትዮጵያውያን የአባትን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደማይዙ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተገለጸ፤ ፈርማበት በውል አጽዳቂ ፊት ተረጋገጠ። ይህች ገጽ ከሁሉም ሰነድ የበለጠ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ፤ በሂሳ ዘንድ የነበራት ምዝገባም በሌላ አጻጻፍ ስለነበር ከግዛቱ ፈቃድ ጋር እንዲመሳሰል የታረመው በእርሷው ነው።

ከዳኞቹ ፊት ከመቅረቧ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንድታማክርም አደረግን። እኛ ጠበቆች አይደለንም፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ስለ መያዝና ስለ ክስ በመንግሥት አካል ፊት ቃሉን ሲሰጥ ቃሉ ሌላ ቦታ ሊደርስ እንደሚችል ግን እናውቃለን። ጠበቃዋ ግልባጩንና የተዘጋጀውን የጽሑፍ ቃል አይተው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስተካከሉ።

በዳኞቹ ፊት

በሜዳው ውድድሩን የሚመሩት ሦስት ዳኞች የፈቃድና የሥነ ሥርዓት ጉዳዮችንም ያያሉ። ችሎቱ የተካሄደው ጠዋት፣ ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ በአንድ ተራ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ንግግሩ ይቀዳል። አስተርጓሚ በደብዳቤ አስቀድማ በመጠየቋ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ቀርቦላታል። አሠልጣኙም ጠዋት ፈረሶቻቸውን አሠልጥነው እንደጨረሱ መጡ።

ቤተሰቡ “ቅጹን የሞላሁት እኔ አይደለሁም” እንድትል ፈልጎ ነበር። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊርማው የእርሷ ነው፤ ያንን ቀድሞ ማለት ጥፋትን በሌላ ማላከክ ይመስላል። እንድትል የመከርናት በቅደም ተከተል ይህን ነው፦ ተይዛ እንደነበር፣ የት፣ መቼና በምን እንደሆነ፣ ክሱ እንዴት እንዳለቀ፣ መልሱ ትክክል እንዳልነበረ፣ ሳታነብ መፈረም እንዳልነበረባት፤ ማን እንደሞላው የምትናገረው ከተጠየቀች ብቻ ነው። ተጠየቀች፤ መለሰችም። አንደኛው ዳኛ ቅጹን በአማርኛ አንብቦ የሚያስረዳት ሰው በቢሮው ጠይቃ እንደነበር ሲጠይቋት አለመጠየቋን፣ መጠየቅ እንደሚቻልም አለማወቋን ተናገረች።

የአሠልጣኙ ደብዳቤ አጭር ነበር። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ የትኞቹን ፈረሶች እንደምታንሸራሽር፣ አንድም ቀን እንዳላረፈደች፣ ኃላፊነቱን ወስደው መልሰው ሊቀጥሯት እንደሚፈልጉ ይናገራል። ዳኞቹ ከደብዳቤው ተነሥተው ለአሠልጣኙ ጥያቄ ማቅረብ ችለዋል።

ውሳኔው በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ተሰጠ፦ በማመልከቻ ላይ የተሟላ እውነት ባለመስጠቷ አነስተኛ የገንዘብ ቅጣትና ማስጠንቀቂያ፣ ፈቃዱ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ በአመክሮ እንዲሰጣት። ይግባኝ ወደ ኮሚሽኑ ማቅረብ ትችል ነበር፤ ለዚያ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ በደረሳት ዕለት ተመካክረን ቅጣቱን መክፈሉ እንደሚሻል ተስማማች። ያልተጣራ ዕዳ ካለ ፈቃዱ እንደማይሠራ ውሳኔው ላይ ተጽፎ ስለነበር በማግስቱ ከፈለች።

ሙሉ ድል አልነበረም። በእነዚያ ሳምንታት ደመወዝ አላገኘችም፤ የሆቴሉንም ሥራ ለቅቃ ስለነበር የቤት ኪራዩን አጎቷ ሸፍነውላታል። ውሳኔው በመዝገብ ላይ ይኖራል፤ ወደፊት በየትኛውም ግዛት ስታመለክት “በእሽቅድምድም ባለሥልጣን ተቀጥተው ያውቃሉ?” ለሚለው ጥያቄ መልሷ “አዎ” ነው።

ከፈቃዱ በኋላ፣ በጋጣው

አመልካቿ ዛሬ ተንከባካቢ ናት፤ አራት ፈረሶች በእጇ አሉ። አገር ቤት ካወቀችው ምን ያህሉ እንዳገለገላት ጠይቄያት ነበር። የፈረስን ጠባይ ማወቁ፣ ጆሮው ሲያጋድልና ጅራቱ ሲቆጣ ማንበቡ አብሯት መጥቷል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። በጋጣው ኮሪደር ሁሉም ወደ ግራ እየዞረ ይሄዳል፤ አንዱ ለመቆም ሲፈልግ ከኋላ ለሚመጡት ጮኾ ያስታውቃል፤ አለበለዚያ ፈረስ ፈረስ ላይ ይወጣል። ከልምምድ የመጣ ፈረስ ውኃ በየዙሩ ጥቂት ጉንጭ ብቻ ይሰጠዋል። እግሩ ላይ የሚጠመጠመው ፋሻ እጥፋት ካለው ወይም በአንድ በኩል ከጠበቀ ጅማቱን ይጎዳል፤ ይህን በደንብ እስክትችለው ድረስ ዋናው ተንከባካቢ እየፈታ እንደገና ያስጠመጥማት ነበር።

የመድኃኒቱ ጉዳይም አዲስ ነበር። ሰው የሚውጠው ክኒን በእጅ፣ በባልዲ ወይም በድርቆሽ በኩል ወደ ፈረሱ ሊደርስና በናሙና ሊታይ ይችላል። ጋጣ ውስጥ መሽናትም የሚከለከለው ከንጽሕና በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ያሸነፈ ፈረስ ወደ ናሙና መውሰጃው ጋጣ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ተንከባካቢው ስለሆነ፣ ሽንትና ደም ሲወሰድ ቆማ ታያለች፣ ዕቃው ሲታሸግ አይታ ትፈርማለች። አሁን ሳታነብ አትፈርምም፤ ያልገባት ካለ ዕቃው ሳይነሣ ትጠይቃለች።

ለሌሎች አመልካቾች የሚያገለግለው

ከሁሉ በፊት ቅጽን ለሌላ ሰው የሚሞላ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጥያቄውን ማሳጠር የለበትም። መያዝ፣ መከሰስና መፈረድ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሦስቱም ለየብቻ ሊነበቡለትና ለየብቻ ሊመልስ ይገባል። በባህላችን ሰውን “ፖሊስ ጣቢያ ገብተህ ታውቃለህ?” ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ረዳቱም አሳፍሮ ላለመጠየቅ “የለም” ብሎ ያልፋል። ይህ ርኅራኄ በአሻራ ዘመን ባለጉዳዩን ያስጠይቀዋል። የሚያፍር ሰው ለዘመድ ባይናገር እንኳ በቢሮው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

አሻራ ከመስጠት በፊት ስለራስ ያለውን መዝገብ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የራሱን የወንጀል ታሪክ ማጠቃለያ ከኤፍቢአይ ጠይቆ ማግኘት ይችላል። አሻራ ሰጥቼ ነበር ብሎ የሚያስታውስ ሁሉ፣ ጉዳዩ ቢያንስም፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የተረጋገጠ ግልባጭ ከአንድ በላይ አውጥቶ ያስቀምጥ፤ መዝገቡን ለማሰረዝ የሚያስብም አስቀድሞ ግልባጩን ይያዝ።

የስም ማብራሪያው ገጽ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ይሠራል። ችግር ሳይመጣ ቢዘጋጅ ዋጋው ጥቂት ደቂቃና የውል አጽዳቂ ክፍያ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልግ ሥራውን በዓይኑ ከሚያይ ሰው መጠየቁ ይሻላል። በፈረስ ሜዳ ይህ ሰው አሠልጣኙ ወይም ዋናው ተንከባካቢ ነው፤ በአየር ማረፊያ የፈረቃ ኃላፊው ይሆናል። የሃይማኖት አባት ደብዳቤ ከእርሱ ጋር ቢያያዝ አይጎዳም።

ወደ ሥራው ለመግባት የሚያስቡ ደግሞ ደመወዙን፣ የሚከፈልበትን መንገድና የዕረፍት ቀኑን ከመፈረማቸው በፊት ይወቁ፤ ጊዜያዊ ፈቃድ እንደ ቋሚ ተቆጥሮ የቀድሞው ሥራ ሙሉ በሙሉ ባይለቀቅም ይመረጣል። ፈቃዱ የሚታደስ በመሆኑ በየዕድሳቱ ያው ጥያቄ እንደገና ይጠየቃል፤ ያለፈው ዓመት መልስ ከዘንድሮው ጋር መስማማት ስላለበት የተላከውን ቅጽ ሁሉ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። አመልካቿ የመጀመሪያውን ዕድሳት ያደረገችው ቅጹን ራሷ ሞልታ፣ የመደብሩን ጉዳይና የዳኞቹን ውሳኔ ጽፋ፣ ግልባጮቹን አያይዛ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ታደሰላት። የዜግነት ማመልከቻዋም እየተዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለቱ ጉዳዮች እዚያም በተመሳሳይ ቃል ተጽፈው ጠበቃዋ ረቂቁን እያዩት ነው።